ለኔታና የሚጣላ ሰው

«አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ክፈችለት እንጂ። አባዬን አነቅሽው እኮ!» አለች ሪፔካ፣ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ።

ንጋሬታ የልጇን እጅ ከባሏ ሸሚዝ ላይ በቀስታ አነሳች። «ተይው። እንዲሁ ይሁን።»

«ዕድሜ ልኩን ቆልፎት አያውቅም። እኔ ላልብሰው ስልሽ ሁላችንንም አስወጥተሽ በርሽን ዘጋሽ፤ ይኸው አሁን…»

«ተይው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ሪፔካ በሰው ፊት ከእናቷ ጋር መጨቃጨቅ አልፈለገችም። ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሳጥኑ ክዳኑ ተነስቶ በማራኤው፣ በወገኑ መሰብሰቢያ ግቢ፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ቀድመውት የሞቱ የኦታሬ ሰዎች ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ ግራና ቀኙን ጥቁር የለበሱ ሴቶች ተቀምጠው ይጠብቁታል። ኔታና ሰማያዊ የክሪኬት ኮቱን ለብሷል። እጆቹ ደረቱ ላይ ተደራርበዋል፤ የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ ተጣማለች። ሞትም አላቃናትም።

በር ላይ የቆመችው ጠሪ ድምጿን አንስታ የእንግዶችን መምጣት ስታውጅ ንጋሬታ ቀና አለች። ከአጠገቧ የተቀመጠችው እህቷ ማካሬታ በመስኮት አጮልቃ አየችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«እነሱ አይደሉም። የቄራው ጡረተኞች ናቸው።»

ጡረተኞቹ እያነከሱ ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ሳጥኑ ፊት ቆመና በቀጥታ ኔታናን አናገረው፤ እኛ ከሞተ ሰው ጋር የምንነጋገረው እንዲሁ ነው። «አንተ ሌባ! ምሳ ሰዓታችንን ሁሉ በክሪኬት የበላህ! አሁን ደግሞ ሳትሰናበተን ሹልክ አልክ?» ሴቶቹ ሳቁ፤ ሰውዬው ግን ንግግሩን ሳይጨርስ ማልቀስ ጀመረ፤ ጓደኞቹም መዝሙር አንስተው ሸፈኑለት።

ንጋሬታ ስትጠብቅ የነበረው ሌሎች ሰዎችን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከተወለደበት ርቆ ሲሞት የተወለደበት አገር ሰዎች መጥተው «ልጃችንን ስጡን» ይላሉ። የሚስት ወገን ደግሞ «ሞተን እንገኛለን!» ይላል። የዘር ሐረግ ይቆጠራል፣ ስድብ ይወረወራል፣ ዱላ እየተነቀነቀ መሬት ይደበደባል። አንዳንዱ ሬሳ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ይቀራል። ማንም ያልተጣላለት ሬሳ ግን ምን እንደሚባል ለመናገር እንኳን ያሳፍራል። ኔታና የዋይፑና ልጅ ነው፤ ከወንዙ ወደ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ የማይሞላ መንገድ ነው። እዚያ ታላቅ ወንድም አለው፤ ኢሃያ ይባላል። ሪፔካ ስልክ ደውላ መርዶውን ስትነግረው «እሺ» አለና ዘጋው።

በመጀመሪያው ቀን ንጋሬታ የፈራችው እንዳይመጡባት ነበር። በኦታሬ መካነ መቃብር፣ ባሕሩ በሚታይበት ጥግ፣ በጨቅላነቱ የሞተ ልጃቸው ሆኔ ተቀብሯል። ከግራና ከቀኙ የአንድ የአንድ ሰው ቦታ አለ። ኔታና ሳሩን ራሱ ያጭደው ነበር። ማጭዱን እየሳለ «የኔ አልጋ በዚህ፣ ያንቺ በዚያ፤ እሱን መሀል እናደርገዋለን» ይላት ነበር። ወስደው ዋይፑና ኮረብታ ላይ ቢቀብሩትስ? እሷ ስትሞት እዚህ ከልጇ ጋር ትተኛለች ወይስ እዚያ ከባሏ ጋር?

«አይመጡም፣ እህቴ» ትላታለች ማካሬታ። «ፈጣሪሽን አመስግኚ። ኢሃያ ድንጋይ ነው።»

አባባ ማቲዩ ግን ለጦርነት ተዘጋጅተዋል። የኦታሬ ዋና ተናጋሪ እሳቸው ናቸው፤ ጥርሳቸው ቢያልቅም ምላሳቸው አላለቀም። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የዋይፑናን የሰባት ትውልድ ጉድ ሲያሰላስሉ ዋሉ። ሲመሽ ተነጫነጩ። «እኔ እኮ ታጥቄ ነው የተቀመጥኩት! የማንጣላ ከሆነ ከአልጋዬ ለምን አስነሳችሁኝ?»

ፀሐይ ስትጠልቅ ንጋሬታ ወደ ማራኤው ምግብ ቤት ሄዳ በልማዱ ቀን የተከለከለችውን እህል ቀመሰች። ልጃገረዶቹ ሳህን ያጥባሉ። ከቄራው የምግብ ቤት መስኮት ኋላ ቆማ ሻይ ትቀዳ የነበረችበት ዘመን ትዝ አላት።

ኔታና የመጣው ቄራው ሠራተኛ ሲቀጥር ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ዝምተኛ፤ ከዋይፑና የመጣ ሁሉ ራግቢ ተጫዋች ስለሆነ ክሪኬት ተጫወት ብሎ ማንም አልጠየቀውም። ምሳ ሰዓት ላይ ወንዶቹ ከግቢው ጀርባ ክሪኬት ሲጫወቱ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ዳቦውን ይበላ ነበር። ዋይፑና ውስጥ ክሪኬት ሻይ ለመጠጣት ሰበብ የሚሆን የነጮች ጨዋታ ነው። አንድ ቀን ኳሷ ተንከባልላ እግሩ ሥር መጣች። አንስቶ መለሳት። ኳሷ መሬት ነካችና እንደ ሰካራም ታጠፈች፤ ዱላውን የያዘው ፎርማን ወደ ግራ ሲሰነዝር እሷ በቀኙ ገብታ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች አፈረሰቻቸው።

«እስቲ ድገማት» አሉት።

ደገማት። ፎርማኑ ዱላውን ጥሎ መጣና የኔታናን እጅ ገልብጦ አየ። ያቺ የተጣመመች ጣት ኳሷን በመጨረሻ ላይ ስባ ነበር የምትለቃት። በዚያው በጋ የኦታሬ ከተማ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆነ፤ በብርድ ወራት ደግሞ ዓርብ ማታ አውቶቡስ ይዞ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅዳሜ ለዋይፑና ራግቢ ይጫወታል፣ ሰኞ ዓይኑ አብጦ ሥራ ይገባል።

«ጣትህን ምን ነካት?» አለችው ንጋሬታ፣ ሻዩን እየቀዳችለት። መጀመሪያ ያናገረችው ቃል ይህ ነው።

ሳቀ። ልጆች ሳሉ ኢሃያ የራግቢ ኳስ ወደ ሰማይ ይለጋለታል፣ እሱ ከሥር ይቀልባል። አንዱን ሲቀልብ ጣቱ ቀጭ አለች። አባታቸው ክፉ ቁጡ ስለነበር ኢሃያ የጫማውን ክር ፈቶ፣ ስንጥር እንጨት ፈልጎ፣ ጣቱን ጎትቶ አሰራት። «ሐኪም ነኝ አለኮ! ስንፈታት መንጠቆ ሆና ቁጭ። እንግዲህ ክሪኬት ያስተማረኝ ኢሃያ ነው። ራሱ ግን አያውቅም።»

በማግስቱም እንግዶች ጎረፉ። የክሪኬት ቡድኑ አሮጌዎችና አዲሶች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከሩቅ ከተማ የመጡ የአጎት ልጆች። ጠሪዋ በጮኸች ቁጥር አባባ ማቲዩ ዱላቸውን ይጨብጣሉ፤ ማካሬታ በመስኮት ታያለች፤ ከዚያ «እነሱ አይደሉም።» ከቀትር በኋላ ቃሉን መናገር አላስፈለጋትም፤ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ከንጋሬታ ጀርባ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«አንድም ሰው ከወገኑ?»

«አንድም። ምስኪን። እናት የሌለው ይመስል።»

ያን ጊዜ በንጋሬታ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ተገለበጠ። የኔታናን ፊት አየች። ይህ ሰው ለከተማው ምን ያህል ዋንጫ አመጣ፤ የስንቱን ጣሪያ ጠገነ፤ ስንቱን ሰካራም ተሸክሞ ቤቱ አስገባ። አሁን «የኛ ነው» ብሎ የሚጮህለት ጠፍቶ በዝምታ አፈር ሊገባ ነው። አፈረችለት። ለራሷ ሳይሆን ለእሱ አፈረች፤ እሱ ማፈር በማይችልበት ሰዓት። ኑ፣ አለች በልቧ። ኑና ስደቡን፤ ኑና ቀሙኝ። ብቻ ኑ።

ለምን እንደማይመጡ ታውቃለች። አባታቸው ከሞተ በኋላ ዋይፑና በየዓመቱ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ከላይኛው መንደር ጋር በአባትየው መታሰቢያ ራግቢ ይጫወት ነበር። ኢሃያ አምበል፣ ኔታና ከሁሉም ኋላ ቆሞ ከሰማይ የሚወርደውን ኳስ ቀላቢ። በአንዱ ዓመት ከባሕር ማዶ የመጣ የክሪኬት ቡድን አውራጃውን ሊገጥም ሆነ፤ ኔታና ተመረጠ፤ ቀኑ ያው ቅዳሜ ነበር። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ለኢሃያ ሰው ላከና ወደ ክሪኬቱ ሄደ። በውርወራው አምስት ተጋጣሚ ከጨዋታ አስወጣ። ማታውኑ ቦርሳውን እንኳን ሳያስቀምጥ አውቶቡስ ይዞ ዋይፑና ደረሰ፤ ወንድሙ እንዲኮራበት ፈልጎ ነበር። ዋይፑና በዚያ ቀን ተሸንፎ ነበር። ኢሃያ የክለቡ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ቆመና «ዋይፑና ኔታና የሚባል ልጅ የላትም» አለ። ማንም አልተቃወመውም። እናታቸው ስትሞት ልማዱ ስለሚያስገድድ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክተው ሰላም ተባባሉ፤ ቃል ግን አልተለዋወጡም።

ከዚያ ወዲህ የኦታሬ ራግቢ ክለብ በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ተጫወትልን ብሎ በሩን ያንኳኳ ነበር። «ጉልበቴን ያመኛል» ይላቸዋል። ከተማው አመነው፤ ክሪኬት ወሰደው ተባለ። ጉልበቱ ምንም አልነበረም። ንጋሬታ ብቻ የምታውቀው፣ በየትንሣኤው ቀይና ጥቁር መስመር ያለው የዋይፑና ማሊያ ከሣጥን እንደሚወጣ፣ እንደሚታጠብና ከቤቱ ጀርባ እንደሚሰጣ ነው። ኔታና እስኪደርቅ አጠገቡ ቁጭ ይላል። ብል የበላውን እሷ ትጥፈዋለች። አንድ ጊዜ ቅናት ይሁን ብስጭት «ወይ ልበሰው ወይ ጣለው! ካልሆነም የኛን ልበስና ተጫወት» አለችው።

ማሊያውን እያጠፈ መለሰላት። «ሌላ ማሊያ ከለበስኩ እኮ ኢሃያ ያለው እውነት ይሆናል።»

በቀብሩ ዕለት ጠዋት ዝናብ አካፋ። ቄሱ መጡ፤ ክዳኑ ከግድግዳ ተነስቶ ቀረበ። አባባ ማቲዩ ዱላቸውን ጥግ አስደግፈውት ነበር። ሪፔካ አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትስም ስትጎነብስ የጠሪዋ ድምፅ ከውጭ ተሰማ፤ የዛሬው ጥሪ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማካሬታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እግዚአብሔር ያሳያችሁ! መጡ!»

ሁለት አሮጌ መኪናዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ወጣቶች በጢስ የደረቀ ዓሣ የሞላ ሣጥን ወደ ምግብ ቤቱ ያወርዳሉ። ሽማግሌዎቹ በዝናቡ ውስጥ ቀስ ብለው መጡ፣ ገቡ፣ ሳጥኑ ፊት ቆመው አለቀሱ። ከፊታቸው ኢሃያ ነበር፤ አጎንብሷል፤ ትከሻው ግን የኔታና ትከሻ ነው። ንጋሬታ ለአፍታ ባሏ ተነስቶ የቆመ መሰላት።

ኢሃያ ዱላውን አንስቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ ጀመረ።

«ኔታና! ተነስ፣ ጫማህን አድርግ፤ ልወስድህ መጥቻለሁ! እናንተ የኦታሬ ሰዎች፣ ልጃችንን ስጡን! አባቱና እናቱ ኮረብታው ላይ ናቸው፤ መሀላቸው ቦታ አለ። እናንተ ምኑን አላችሁ? ጉልበቱን በላችሁ፤ በጋውን በላችሁ። በዚያች ጣት ነው ዋንጫ የሞላችሁት፤ ያቺ ጣት የማን ናት? የኔ ናት! እኔ ነኝ የሠራኋት! አበላሽቼ ነው የሠራኋት፣ ግን የኔ ሥራ ናት!»

ንጋሬታ ከሻሿ ሥር ፊቷን ሸፈነች። እያለቀሰች ነበር፤ ደስ ብሏትም ነበር። አወቀ እንዴ? ያቺ ጣት ምን እንደሠራች ያውቃል ለካ።

አባባ ማቲዩ እንደ ወጣት ብድግ አሉ። «ደረስክ? እሰይ! እነዚህን ሁለት ቀናት የት ነበርክ፣ ዓሣ ስታጥን? ‹ዋይፑና ኔታና የሚባል ልጅ የላትም› ያለው ማን ነው? የሌለህን ልጅ ነው የምትጠይቀኝ? እኛ ቤት ሰጠነው፤ ሚስት ሰጠነው። ልጁ እዚህ መሬት ውስጥ ተኝቶ አባቱን እየጠበቀ ነው። በል፣ አፍህን ይዘህ ተመለስ!»

ቤቱ አጉረመረመ፤ የኦታሬ ሰዎች መሬቱን በእግራቸው መቱት። ኢሃያ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ይሄው አፌ ነው ያለው። ሁለት ቀን በሬ ላይ ቁጭ ብዬ በየትኛው አፌ እጠይቃለሁ ስል ነበር። ሌላ አፍ ስለሌለኝ በዚያው መጣሁ።» ወዲያው ቀና አለ። «እሱስ ቢሆን! አንድ ቀን ተቆጣሁት፤ ወንድም አይቆጣም? ማሊያችንን ጥሎ የናንተን አልለበሰም? ለናንተ ራግቢ አልተጫወተም?»

«ጉልበቱን አሞት…» አለ አንዱ የኦታሬ ሰው፤ ሌላው «አዎ፣ ጉልበቱን» ብሎ ደገመ። ኢሃያ በንቀት ራሱን ነቀነቀ።

ሬሳ አጠገብ የተቀመጠች ሚስት ለእንግዳ ንግግር መልስ አትሰጥም። ስለእሷ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ንጋሬታ አባባ ማቲዩን አየቻቸው፤ እሳቸውም እውነቱን አያውቁም። ዝም ብትል ክርክሩን እንደሚያሸንፉላት ገባት፤ ኢሃያ ደክሟል። ኔታና ከሆኔ ጎን ይተኛል፣ እሷም አንድ ቀን ትከተለዋለች። ኢሃያ ግን ወንድሙ እንደጣለው አምኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኔታናም ያን ሁሉ ዓመት ስለ ምን እንደጠበቀ ማንም ሳያውቅ ክዳኑ ይዘጋል።

ተነሳች። ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታች። ቀጥላ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ኮቱንና ሸሚዙን ወደ ጎን ገለጠች። ቀይና ጥቁር መስመሩ ታየ፤ የደበዘዘ፣ አንገቱ ላይ በብዙ ቦታ የተጣፈ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ማካሬታ በሹክሹክታ። «ይወስዱታል እኮ!»

ንጋሬታ ለኢሃያ ቦታ ለቀቀችለት።

ኢሃያ ቀረበ። ማንም አልከለከለውም። አባባ ማቲዩ ገና ግማሽ ንግግር ነበራቸው፤ ዋጡትና ተቀመጡ። ኢሃያ ማሊያውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የተጣፈውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ማነው የጣፈው?»

ንጋሬታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ኢሃያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። የዋይፑና ሰዎች መዝሙር ሊያነሱለት ሲሉ እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

«አባባ ማቲዩ» አለ። «ጥያቄዬን አንስቻለሁ። ልጁ አጠገብ ይተኛ። እኔ አንድ ጊዜ ከቤቱ አስወጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላስወጣውም። ማሊያውን ግን እንዳታወልቁበት።»

«ማን ይነካዋል!» አሉ አባባ ማቲዩ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ።

ኢሃያ በጭንቅ ጎንበስ ብሎ የአንድ እግሩን የጫማ ክር ፈታ፤ መዝዞ አወጣው። የኔታናን ቀኝ እጅ አነሳ። የተጣመመችውን ጣት ከጎኗ ካለችው ጋር አስጠግቶ ክሩን ዙሪያዋ ጠመጠመ፤ አንዴ፣ እንደገናም። ጣቷ አልቃና አለች፤ እሱም አላስገደዳትም። ሊቋጥረው ሲሞክር ግን ክሩ ላላ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ላላ።

ንጋሬታ ጣቷን ቋጠሮው ላይ አድርጋ ያዘችለት።